የተሰነጠቀ ዳሽቦርድ፦ ቀለም፣ ክዳን፣ ሌዘር ወይስ ከሶማሌ ተራ ሌላ መግዛት?

ጅማ ውስጥ የድሮ መኪና ያለው ሰው ሞተሩን ያስጠግናል፣ ቦዲውን ያስቀባል፣ ወንበሩን ያሰፋል፤ ዳሽቦርዱ ጋ ሲደርስ ግን ግራ ይገባዋል። ብዙ ብር የሚባክነውም እዚያ ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ያሠራውን አይቶ ለራሱ መኪና የማይሆነውን ይገዛል። ስለዚህ ኪሳችሁ ከመግባታችሁ በፊት ዳሽቦርዱን በአውራ ጣት ጫን አድርጉትና ከምን እንደተሠራ እወቁ።

ብረት ከሆነ ቀለም ነው፣ ሌላ አታስቡ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ የወጡት ቮልሶች ዳሽቦርዳቸው ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አውርዱ፣ ለሬዲዮ ተብሎ የተቀደደውን አስበይዱ፣ ስቱኮ አስይዛችሁ አለስልሱ፣ ፀረ ዝገት ቀቡ፣ ከዚያ የቦዲውን ቀለም። ብየዳ ካለ ግን የቮልስ ነዳጅ ሰልባትዮ ከፊት ኮፈኑ ስር፣ ከዳሽቦርዱ አጠገብ ስለሆነ መጀመሪያ ይውጣ። በዚህ ቀልድ የለም።

አስቸጋሪው ከላይ ፕላስቲክ፣ ከስሩ ስፖንጅ ያለው ነው። ቶዮታ ዲኤክስ፣ ላዳ፣ ከ1972 ጀምሮ የወጣው 1303 ቮልስ፣ እነዚህ ሁሉ ለስላሳ ወይም ፕላስቲክ ነገር አላቸው። ፀሐይ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰውን ቅመም በዓመታት ታወጣዋለች፤ ይደርቃል፣ ይሰበሰባል፣ ይተረተራል። አማራጮቹ የሚለያዩት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው።

በዋጋ ትንሹ ስንጥቁን ሞልቶ መቀባት ነው። ስንጥቁ ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ከሆነ ያዋጣል። ጫፉ ላይ በትንሽ መሰርሰሪያ ቀዳዳ ታበጃላችሁ፣ ያለዚያ ስንጥቁ ከቀለሙ ስር ይቀጥላል። ከዚያ በቢላ ሰፋ አድርጋችሁ ከፍታችሁ ከሁለት ቱቦ የሚደባለቅ፣ ሲደርቅ የሚተጣጠፍ ሙጫ ትሞላላችሁ። ስቱኮ እዚህ አይሠራም፤ ደረቅ ስለሆነ ስር ያለው ስፖንጅ ሲንቀሳቀስ መልሶ ይሰነጠቃል። የፕላስቲኩ የቆዳ መልክም ተሞርዶ ስለሚጠፋ ቦታው ለስላሳ ሆኖ ይታያል፤ ይህን ካልወደዳችሁ አትጀምሩ። ዳሽቦርዱ ለዓመታት በማወልወያ ሲብለጨለጭ የኖረ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል፤ በደንብ ካልታጠበ ቀለሙ እንደ ዓሣ ዓይን ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ሌላው የጅማ ዝናብ ነው። እርጥበት ባለበት ቀን የተረጨ ቀለም ነጭ ጭጋግ ያወጣል። መቀባት ካለባችሁ ቡና በሚሰጣበት ወቅት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ አድርጉት።

ክዳን የሚባለው ለሞዴሉ ተለክቶ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ በአሮጌው ላይ ይለጠፋል። ፈጣን ነው፣ ከሩቅም ያምራል። የሚሸፍነው ግን የላዩን ብቻ ነው፣ ከውጭ ካልመጣም ለላዳና ለዲኤክስ በቀላሉ አይገኝም፣ አንዴ ከተለጠፈ ደግሞ ዳሽቦርዱን ሳይጎዳ አይነሳም። እኔ ለክዳን ያን ያህል ብር አላወጣም። ገንዘብ እስኪሞላ ድረስ የጨርቅ ምንጣፍ ጣል ማድረግ ይሻላል፤ የአየር ማውጫውን ቀዳዳ ብቻ አትዝጉበት፣ ዝናብ ሲመጣ የፊት መስታወቱ ጉም ይይዛል።

ሌዘር ማልበስ ለጅማ ከሁሉም ይበልጣል እላለሁ። የወንበር ልብስ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉ፣ ተጎድቶ ያበቃለት ዳሽቦርድም በእሱ ይድናል። የሚወደደው ማውጣትና መመለሱ ስለሆነ ያን እቤታችሁ ሥሩት፦ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ፣ ሽቦዎቹን በፕላስተር ቁጥር እየሰጣችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ፣ የኪሎሜትሩን ገመድ ከኋላ ፍቱ፣ ከዚያ ባዶውን ዳሽቦርድ ይዛችሁ ሂዱ። ሌዘሩን ስትገዙ ጀርባውን ተመልከቱ። ጀርባው የሚሳብ ሹራብ መሰል ጨርቅ ከሆነ ኩርባው ላይ ይተኛል፤ በሁለት እጅ ስትስቡት የማይላላ ከሆነ ተዉት፣ ማዕዘን ላይ ይጨማደዳል። ጥቅሉ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 1.40 ሜትር ስፋት ስላለው በአግድም ካስቆረጣችሁት የትንሽ መኪና ዳሽቦርድ ያለ ስፌት ሊያልቅ ይችላል። ማስቲሹ በሁለቱም በኩል ተቀብቶ ጣት ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ይቆይ፣ ከመሐል ወደ ዳር ይጫን። የአየር ማውጫውና የጌጁ ቀዳዳ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆረጠው። ባለሙያው ቀድሞ ልቁረጥ ካለ አስቁሙት፣ ሲሳብ ቀዳዳው ቦታውን ይስታል። አንጸባራቂውን ሳይሆን ደብዛዛውን ጥቁር ምረጡ፤ የሚያብረቀርቅ ዳሽቦርድ መስታወቱ ላይ እየታየ ሾፌሩን ያስቸግራል።

አዲስ አበባ፣ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄዶ ሌላ መግዛትስ? ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የምታገኙትም እንደ እናንተው በፀሐይ የኖረ ነው። በስልክ በተላከ ፎቶ አትግዙ። መስታወቱ ስር ያለውን ጠርዝ ጫን በሉት፤ ጠጥሮ ከጮኸ በቅርቡ ይሰነጠቃል። መሪው በግራ ለሆነ መኪና መሆኑንና የብሎን ቀዳዳዎቹ ከእናንተ ጋር መግጠማቸውን አሮጌውን ይዛችሁ አስተያዩ። የምመክረው ስፖንጁ ከስር ሙሉ በሙሉ ለረገፈበት ሰው ብቻ ነው።

የእንጨት ጌጥ ያለው የድሮ መርሴዲስ ካላችሁ ደግሞ ሩቅ አትሂዱ። አናጢ በሞላበት ከተማ ነው ያላችሁት፤ አሮጌውን ቁራጭ እንደ ልክ ስጡት፣ ከደረቀ ዋንዛ በስሱ ይላግላችሁ፣ ቫርኒሹንም አንዴ በወፍራሙ ሳይሆን ስስ ስስ አድርጎ እየደጋገመ ይቀባ።