የፑል ዱላ ልትገዙ ነው? ሜፕል፣ ካርቦን ወይስ ርካሹ?

ፑል የለመደ ጓደኛ ሁሉ አንድ ቀን ይህን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። "የራሴን ዱላ ልገዛ ነው፤ እንጨት ይሻለኛል ካርቦን?" መልሴ አንድ ነው፤ ሜፕል ከሚባለው እንጨት የተሠራ፣ በደንብ የደረቀ፣ ቀጥ ያለ ዱላ ግዙ። ካርቦን መጥፎ ሆኖ አይደለም። ከዋጋው አንጻር ሳየው ለብዙ ሰው አያዋጣም።

ከሁሉ በፊት ገንዘባችሁ የት እንደሚገባ እወቁ። ለሁለት በሚፈታ ዱላ ላይ የነጩን ኳስ አካሄድ የሚወስነው የፊቱ ግማሽ ነው። ዋጋውን የሚያንረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የኋላው ነው። ዞጲው፣ ሮዝውዱ፣ ጌጡ፣ የቆዳ መያዣው ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ያምራል፤ ክብደቱም ሚዛን ይሰጣል። ኳሱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ትንሽ ነው። ርካሽ ዱላ ላይ ደግሞ ጌጡ የተለጠፈ ህትመት ነው። ጥፍራችሁን ስታስኬዱበት ጠርዙ ይነካችኋል።

የፊቱ ግማሽ ሜፕል ሲሆን ትልቁ ጥቅሙ መጠገኑ ነው። ቢሰረጎድ እርጥብ ጨርቅና ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ እንጨቱ አብጦ ይነሳል። ጫፉ ላይ ያለው ቆዳ ሲያልቅ በቀላሉ ይቀየራል። ቆዳው የተቀመጠበት ነጭ ቀለበት ቢሰነጠቅ፣ ቶርኖ ያለው ባለሙያ ሌላ ይገጥምለታል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፤ በቆሸሸ ቁጥር በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት። የፑል ዱላ ጫፍ ውፍረቱ ከ12 እስከ 13 ሚሊሜትር ነው። ከዚያ ላይ እየላጣችሁ ከሄዳችሁ ዱላው ሌላ ዱላ ይሆናል። በጥቂቱ እርጥብ በሆነ ጨርቅ መጥረግና ወዲያው ማድረቅ ይበቃል።

ጠላቱ መጣመም ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ፣ ግድግዳ አስደግፎ መርሳት፣ እርጥበት፣ እነዚህ ያጎብጡታል። አንዴ የጎበጠ እንጨት ደግሞ ተቃንቶ ቀጥ ብሎ የመቆየት ዕድሉ ትንሽ ነው። ስለዚህ ስትገዙ የፊቱን ግማሽ ለብቻው ፈትታችሁ ጠረጴዛ ላይ አንከባልሉት። በሥሩ የሚታየው የብርሃን ክፍተት እየሰፋና እየጠበበ ከመጣ መልሱት። የእንጨቱን መስመሮችም ተከተሉ። ከመጋጠሚያው እስከ ጫፉ ሳይቆራረጡ ከሄዱ ጥሩ ነው። መሀል ላይ ወደ ጎን ከወጡ፣ ዱላው አንድ ቀን ሊጎብጥ ይችላል።

ስኑከር የምትጫወቱ ከሆነ አሽ የሚባለውን እንጨትም እዩ። በእንጨቱ ላይ የሚታዩት የቀስት ቅርጽ ያላቸው መስመሮች ዓይንን ለማነጣጠር ይረዳሉ። እዚያ ጫፉ ከ9 እስከ 10 ሚሊሜትር ስለሆነ ቅጥነቱ አያስደንግጣችሁ።

በጣም ርካሽ የሆኑት ዱላዎች ብዙውን ጊዜ ከራሚን ይሠሩ ነበር። ራሚን ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚመጣ እንጨት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ውስጥ ገብቷል። ለመለማመጃ ይሆናል፤ ከሜፕል ጋር ግን አይወዳደርም። አሉሚኒየምን እርሱት። አንዴ ከተሰረጎደ አለቀለት። እንጨት ላይ የተለበጠ ፋይበር ግላስም ሽፋኑ ሲነሳ ጣት ይቧጭራል፤ እንደ እንጨት ፈግፍጋችሁ አታለሰልሱትም።

አሁን ካርቦን። ፕሬደተር የተባለው አምራች ሬቮ የሚለውን የካርቦን ሻፍት፣ ማለትም የፊቱን ግማሽ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ካወጣ ወዲህ ብዙ አምራቾች ተከትለዋል። የሚወራለት ጥቅም እውነት ነው። አይጎብጥም፣ በቀላሉ አይሰረጎድም፣ አልኮል ባለበት ጨርቅ ሲጠረግ ይጸዳል። ነጩን ኳስ ከመሀሉ ወደ ግራ ስትመቱት ትንሽ ወደ ቀኝ ይገፋል። ይህን የሚያብሰው የዱላው ጫፍ ክብደት ነው። የካርቦን ጫፍ ቀላል ስለሆነ ግፊቱ ይቀንሳል። በሜፕል ዓመታት የተጫወተ ሰው ግን ማነጣጠሩን እንደገና መልመድ አለበት።

ዋጋው ላይ ነው የምቆመው። የታወቀ አምራች የካርቦን ሻፍት ብቻውን፣ የኋላው ሳይቆጠር፣ ከሙሉ ጥሩ የሜፕል ዱላ በላይ ያወጣል። ከተሰነጠቀ ደግሞ አይጠገንም፤ ሻፍቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ቆዳውን የሚቀይርላችሁም ካርቦን የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ሲፈገፈግ የሚወጣው ብናኝ ለሳንባም ለቆዳም አይሆንም።

ፎርጅዱ ደግሞ ያበሳጫል። አንድ ጓደኛዬ በሜፕል ዋጋ "ካርቦን" አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት ገዛ። ብዙም ሳይቆይ መዳፉ መጥቆር ጀመረ። የዱላውን ቆዳ ሊቀይር የወሰደለት ሰው ጫፉን ሲከፍተው ውስጡ ተራ እንጨት ነው፤ ከላይ ስስ ጥቁር ሽፋን ለብሷል። ሻጩ "ተጫውተህበታል" ብሎ አልመለሰለትም። እናንተ ግን ከመግዛታችሁ በፊት አልኮል ባለበት ነጭ ጨርቅ ጥረጉት፤ ቀለም ከለቀቀ ተዉት።  የካርቦኑ ሽመና ልክ እንደ ህትመት እየተደጋገመ የሚያብረቀርቅ ከሆነም ተጠራጠሩ። ዋጋው ከደህና ሜፕል ካነሰ ግን ሌላ ምርመራም አያስፈልገውም።

መካከለኛ መንገድ አለ። ከተደራረበ ሜፕል የተሠራና ጫፉ ውስጡ የተቦረቦረ ሻፍት የካርቦንን ጥቅም በከፊል ይሰጣል። ዋጋው በሁለቱ መሀል ነው፤ እንደ እንጨትም ይጠገናል።

ካርቦን ልባችሁን ከሰረቀው ዛሬ የሜፕል ዱላ ግዙ፣ ነገ ሻፍቱን ብቻ ጨምሩበት። ይህ የሚሆነው ግን የመጋጠሚያው ብሎን በብዙ አምራቾች ዘንድ የተለመደ ዓይነት ከሆነ ነው። የብሎን ጥርስ ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የማይታወቅ ከሆነ ሌላ ሻፍት አይገጥምለትም። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን የብሎኑን ስም ጠይቁትና ጻፉት።