ድራማ ወይስ የወረቀት ግሩፕ?

ደሴም ሆነ ወልድያ፣ ስለ ኦንላይን ስድብና ማሸማቀቅ ክፍል ውስጥ ለማስተማር ሁለት ቀላል መንገዶች አሉ።

አንዱ ድራማ ነው። ልጆቹ ይወዱታል፣ ክፍሉም ይደምቃል። ግን ተሰዳቢዋን ሆና የተጫወተችው ልጅ ላይ ስድቡ ቅጽል ስም ሆኖ ሊለጠፍባት ይችላል። ዓይን አፋሮቹም ከኋላ ዴስክ አይነሱም።

ሌላው የወረቀት ግሩፕ ነው። መብራት ቢጠፋም ይሠራል። መምህሩ ትልቅ ወረቀት ላይ የቴሌግራም ግሩፕ ይሥላል፦ የአንዲት የፈጠራ ልጅ ምስል፣ ከሥሩ «እስቲ እዩዋት!» የሚል ጽሑፍ። ወረቀቱ ከዴስክ ዴስክ ይዞራል። ሁሉም ስሙን ሳይጽፍ መልስ ይጨምራል። መጀመሪያ ሳቅ በሳቅ ይሆናል። ከዚያ አንዱ «አብሽሪ፣ እኛ አለን» ብሎ ይጽፋል። ያኔ የሚቀጥለው እጅ ይለዝባል። ውይይቱም እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው፦ ስክሪንሾት ማስቀረት፣ ብሎክና ሪፖርት ማድረግ፣ ለሚያምኑት ትልቅ ሰው መናገር። በኮምፒዩተር ማስፈራራትና ደጋግሞ ማስጨነቅ በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል መሆኑም ይነገራቸው።

ፌስቡክና ቲክቶክ ከ13 ዓመት ጀምሮ ስለሚፈቅዱ፣ ገና ሊጀምሩ ለተቃረቡት የ7ኛና 8ኛ ክፍል ልጆች እኔ እውነተኛ አካውንት የማይጠይቀውን ወረቀቱን እመርጣለሁ። ድራማው ለሚኒ ሚዲያ ክበብ ይሁን። ወረቀቱን ግን መምህሩ ሰብስቦ ይውሰደው፤ ፎቶ ተነስቶ እውነተኛ ግሩፕ ውስጥ እንዳይገባ።