ራሴ ልሥራው ወይስ ፕሮግራመር ልቅጠር?

ደሴ ፒያሳ ጫማ ትሸጣላችሁ እንበል። ትዕዛዝ በስልክ መቀበል ሰልችቷችሁ በኢንተርኔት የሚቀበል ሲስተም ፈልጋችኋል።

ኮድ የማይችል ሰው የሚጀምረው ከሚታየው ነው። ጎግል ፎርም (የሚሞላ የኢንተርኔት ቅጽ) ይከፍታል፣ መልሱ ጎግል ሺት (እንደ ኤክሴል ያለ ሠንጠረዥ) ላይ እንዲገባ ያደርጋል፣ ሊንኩን ቴሌግራም ቻናሉ ላይ ይለጥፋል፣ በቃ፣ ከሰዓት በኋላ ትዕዛዝ መቀበል ይጀምራል። በነጻ። ባለሙያው ግን ገና ምንም ሳይሠራ በጥያቄ ያደርቃችኋል። መብራት ቢጠፋስ? ስልኩ ቢሰረቅስ? አንዱን ጫማ ሁለት ሰው እኩል ቢያዝስ? ያሰለቻል፣ ግን እውነቱን ነው። 42 ቁጥር አንድ ብቻ ቀርቶ ሦስት ሰው ቢያዘው ፎርሙ ሦስቱንም ዝም ብሎ ይመዘግባል።

ትልቁ ልዩነት ብር ላይ ነው። ራሱ የሠራው ሰው የቴሌብር ስክሪንሾት ላኩልኝ ይላል፤ ስክሪንሾት ደግሞ ማንም ጎረምሳ ስልኩ ላይ ያስተካክለዋል። ባለሙያው ሲስተማችሁን ከቴሌብር ወይም ክፍያ ከሚቀበለው ከቻፓ ጋር በኤፒአይ (ሁለት ሲስተም በቀጥታ የሚነጋገርበት መንገድ) ያገናኘዋል፤ ብሩ መግባቱን ሲስተሙ ራሱ ያረጋግጣል። ፕሮግራመር የሚጠይቀው ዋጋ ለእኔ የሚዋጥልኝ እዚህ ጋ ነው።

መሀል ላይ እነ አፕሺትና ዛፒየር አሉ። አፕሺት ሺታችሁን ወደ አፕ ይቀይራል፣ ዛፒየር አንዱን አገልግሎት ከሌላው ያያይዛል። አሪፍ ናቸው፣ ግን የዛፒየር ነጻው በወር 100 ሥራ ብቻ ነው (አንድ ነገር ወደ ሌላው ባስተላለፈ ቁጥር አንድ ሥራ ይቆጠራል)፤ ባቲ ላይ ሱቅ ላለው ሰው አንድ የሰኞ ገበያ ሊጨርሰው ይችላል። ከዚያ በላይ በዶላር ነው፣ የዶላር ካርድ ደግሞ እንደምታውቁት ነው። አገልግሎቱ ሊዘጋም ይችላል። እንደ ዛፒየር ያለ ኮድ የኢንተርኔት መረጃ የሚያያይዘው ያሁ ፓይፕስ በ2007 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በ2015 ሲዘጋ በላዩ የተሠራው ሁሉ አብሮት ቆመ። ባለሙያ ይህን ስለሚያውቅ ዳታውን ሌላ ቦታም ያስቀምጣል።

ባለሙያም ጣጣ አለው። ያላዘዛችሁትን ሁሉ ይጨምራል፣ ሥራው ይረዝማል፣ አንዳንዱም ፓስወርዱን ይዞ ይጠፋል።

እኔ ብሆን በፎርም እጀምራለሁ። ክምችትና ክፍያ ማምታታት ሲጀምሩ ያንኑ ሺት ይዤ ባለሙያ ጋ እሄዳለሁ፤ የምፈልገውን ከአፌ ይልቅ ሺቱ ያስረዳዋል። የቴሌግራም ቦት (ራሱ የሚመልስ አካውንት) የሚሠራላችሁም ከሆነ ቦት በሚከፈትበት በቦትፋዘር ላይ በእናንተው ስልክ ይከፈት፣ ዶሜኑም (የድረ ገጹ አድራሻ) በስማችሁ ይመዝገብ። ይህን እንቢ ካለ ሌላ ፈልጉ።