«ባለ 12» ብረት ስትገዙ በቤርጋ አትስማሙ፣ በኪሎ አስመዝኑ

ልደታ አካባቢ ባለው ግቢያችን ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት እያሠራን ነው። ለኮለንና ለቢም (ለምሰሶና ለአግዳሚ) የሚሆነውን 120 ቤርጋ፣ ማለትም 120 ሙሉ ዘንግ፣ ባለ 12 (12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው) ፌሮ ከተክለ ሃይማኖት ወረድ ብሎ ካለ አንድ ሱቅ ገዛን። ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቀን ነበር። ይህኛው በየቤርጋው ከሌሎቹ አንድ አሥረኛ ያህል ስለቀነሰልን ሳናመነታ ከፈልን። ቤት የምትሠሩ ወገኖቼ፣ እናንተም በእንዲህ ያለ ቅናሽ ገንዘባችሁ እንዳይበላ ብዬ ነው የምጽፈው።

ጉዱን ያወቀው ፌራዮአችን፣ ብረቱን የሚቆርጠውና የሚያስረው ባለሙያ ነው። ለኮለን የሚሆነውን እየቆረጠ ሳለ አንዱን ዘንግ በመዳፉ ከፍ ዝቅ አደረገና «ልጄ፣ ይህ ብረት እጄ ላይ ቀለለኝ» አለኝ። ልክ አንድ ሜትር ለክቶ ቆረጠልኝና ቁራጩን ይዤ ዲጂታል ሚዛን ወዳለው የሰፈራችን አትክልት ቤት ሄድኩ። ሚዛኑ ላይ 742 ግራም ወጣ። ትክክለኛ ባለ 12 ብረት በሜትር 888 ግራም ይመዝናል።

ስሌቱን ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። የብረቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር በራሱ አባዙትና ለ162 አካፍሉት። የምታገኙት የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ነው። 12 ሲባዛ በ12፣ 144፤ ለ162 ሲካፈል 0.89 ኪሎ ገደማ። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ስለሆነ ሙሉው ከ10 ኪሎ ተኩል በላይ መመዘን አለበት። የእኛው ግን ወደ 8 ኪሎ ከ900 ግራም ነበር። ከፋብሪካም ቢሆን ጥቂት ከፍና ዝቅ ማለት ይፈቀዳል፣ የእኛ ጉድለት ግን አንድ ስድስተኛ ነው። ባለ 12 እየተባለ የተሸጠልን ብረት በእውነቱ ባለ 11 ነበር። በ120 ቤርጋ ሲሰላ ከሁለት ኩንታል በላይ ብረት ጎድሎብናል። በዋጋ አንድ አሥረኛ ቀንሶ በብረት አንድ ስድስተኛ ወሰደብን ማለት ነው፤ ስለዚህ በኪሎ ሲታይ ከሌሎቹ ሱቆች ሁሉ አስበልጦ ያስከፈለን እሱ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መሐንዲሱ ኮለኑን ያሰላው በ12 ነው፣ ከላዩ ደግሞ ሶሌታ (የኮንክሪት ጣሪያ) ሊያርፍበት ነው።

ወደ ሱቁ ስንመለስ ሻጩ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) አውጥቶ ብረቱን ነክሶ አሳየን። እውነትም 12 ይላል! እዚህ ላይ ልብ በሉ። ፌሮ ላዩ ላይ ጉብ ጉብ ያሉ መስመሮች አሉት። ካሊፐሩ የሚያርፈው በእነዚህ ጉብታዎች ጫፍ ላይ ስለሆነ ቀጭኑን ብረት ወፍራም ያስመስለዋል። ካሊፐር ለዚህ ጉዳይ ምስክር አይሆንም፣ ምስክሩ ሚዛን ነው። ይህን ስንነግረው «ይህ ባለ 12 የገበያ ነው፣ ሙሉ 12 ብትሉኝ ዋጋው ሌላ ነበር» አለን። ስንገዛ «የገበያ» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ደረሰኙም የሚለው «ብረት 12፣ 120 ፍሬ» ብቻ ነው።

ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ውፍረቱ፣ የቤርጋው ርዝመትና ከሁሉም በላይ ጠቅላላ ኪሎው እንዲጻፍ አድርጉ። ብረቱ ላይ የፋብሪካው ምልክት መኖሩንም እዩ። ሻጩ «በኪሎ አልጽፍም» ካለ ትታችሁት ውጡ። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተደንግጓል። ማንንም እየለመናችሁ አይደለም።

በስም ብቻ መስማማት በሌላውም ዕቃ ያስጎዳል። አሸዋ በ«ቢያጆ» (በአንድ መኪና ጭነት) ስትገዙ መኪናው ሳያራግፍ የጭነቱን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ በሜትር ለክታችሁ አባዙ፣ ክፍያውም በሜትር ኩብ ይሁን። ቆርቆሮ ላይ ደግሞ ውፍረቱ የሚገለጽበት የጌጁ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል፤ ባለ 32 ከባለ 28 ይቀጥናል። እናቴ ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ወፍራም ነው ብላ ታስብ ነበር። እንደ እሷ የሚያስቡ ብዙዎች ስለሆኑ ቤት ላሉ ወላጆቻችሁ ንገሯቸው።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ሻጩ ያልተቆረጠውን 74 ቤርጋ መለሰልን፤ በገንዘቡ ከሌላ ሱቅ በኪሎ አስመዝነን ገዛን። የተቆረጠውን 46 ግን አልቀበልም ብሎ ድርቅ አለ። መሐንዲሱ ኮለን ውስጥ እንዳይገባ ስለከለከለን ብረቱ አሁንም ግቢው ጥግ ላይ በላስቲክ ተሸፍኖ ተከምሯል።