የ45 ላንድክሩዘር በር ማጠፊያ አልፈታ ሲል፦ ገንዘባችሁን የቱ መሣሪያ ላይ ታውሉታላችሁ?

አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ገዝታችሁ ቀለሙን ገፍፋችሁ እንደ አዲስ ልትሠሩት ነው እንበል። 45 የሚባለው፣ ቶዮታ ከ1960 እስከ 1984 እ.ኤ.አ. ካመረታቸው የ40 ቤተሰብ መኪኖች አንዱ። ሞተሩን ብዙ መካኒክ ያውቀዋል፣ መለዋወጫም ሶማሌ ተራ ከተዞረ አይጠፋም። ሰው የሚያለቅሰው በሩ ላይ ነው። ማጠፊያውን የያዙት ቪቴዎች ባለ ኮከብ ናቸው፣ ከላያቸው ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቧል፣ ከሥር ዝገት አለ፣ አንዴ ካቻቪቴው ተንሸራትቶ ኮከቡን ከላጠው ደግሞ የአምስት ደቂቃ ሥራ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ለምን እንዲህ እንደሚጠና ሳያውቁ መሣሪያ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። የእነዚህ ቪቴዎች ጭንቅላት ከሥሩ ሾጣጣ ነው፣ ማጠፊያው ውስጥ ጠልቆ ከላይ እኩል እንዲሆን። ሲጠብቅ እንደ ሽብልቅ ይነክሳል። ስለዚህ የያዘው ክሩ ብቻ አይደለም፣ ጭንቅላቱም ዙሪያውን ተጣብቋል። በዚያ ላይ ኮከብ ቪቴ ጠንከር አድርጋችሁ ስታዞሩት ቢቱን፣ ማለትም ኮከቡ ውስጥ የሚገባውን የካቻቪቴ ጫፍ፣ ወደ ውጭ የመግፋት ጠባይ አለው። እና መሣሪያ ስታወዳድሩ «ጉልበቱ ስንት ነው» ብቻ አትበሉ። «ቢቱን ወደ ውስጥ ይገፋል ወይ» በሉ። የእኔ ፍርድ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ነው የሚነሳው።

ተራ ቢት ወይስ የጃፓን ቢት

የጃፓን መኪና ላይ ያለው ኮከብ ከተለመደው ፊሊፕስ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም። ጂስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ የተሠራ ነው። ተራ ፊሊፕስ ስታስገቡበት ታች ሳይደርስ ጎኑ ላይ ይቆማል፣ ስታዞሩት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣና ጠርዙን ይበላዋል። የጂስ ቢት እስከ ታች ይቀመጣል። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው፣ የሥራው ልዩነት ግን ሰፊ። ቬሰልን የመሳሰሉ የጃፓን አምራቾች ይሠሩታል። ለበር ማጠፊያ ብዙ ጊዜ ቁጥር 3 ነው የሚስማማው። ቁጥር 2 ገባልኝ ብላችሁ አትሞክሩት፣ 3ም ውስጡ ከተወዛወዘ 4ን አምጡ። እዚህ አገር ካላገኛችሁት ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይመጣል። የሚረጭ ዘይት ግን አታስመጡት፣ ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም።

ደግሞ ቢቱን ከማስገባታችሁ በፊት ኮከቡ ውስጥ የደረቀውን ቀለም በሹል ነገር ጠርጉ። ይህ በነፃ ነው፣ የሚዘለውም ለዚህ ይመስለኛል።

ዘይቱ

ደብሊውዲ-40 ሁሉም ቤት አለ። በ1953 እ.ኤ.አ. የተሠራው ግን እርጥበት ለማባረርና ዝገት ለመከላከል ነው፣ የተጣበቀ ክር ውስጥ ሰርጎ መግባት ዋና ሙያው አይደለም። ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩት፣ እንደ ፒቢ ብላስተርና ሊኩዊድ ሬንች ያሉት፣ ይሻላሉ። በቤት የሚቀመመው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ደግሞ ብዙ ደጋፊ አለው፣ እኔም አልጠላውም፣ ግን ሁለቱ ቶሎ ስለሚለያዩ በተጠቀማችሁ ቁጥር መነቅነቅ አለበት፣ አሴቶኑ ቀለም ያበላሻል፣ እሳትም ይወዳል። አንዳንድ ጋራዥ የፍሬን ዘይት ያፈሳሉ። በሩን ከነቀለሙ ልታስቀሩት ከሆነ አታስነኩት፣ ቀለሙን ይልጠዋል።

እውነቱን ለመናገር በዘይትና በዘይት መካከል ያለው ልዩነት ጣሳው ላይ እንደሚጻፈው አይደለም። ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ጊዜ ነው። ማታ ረጭታችሁ፣ ጠዋት ደግማችሁ፣ በመሃል የቪቴውን አናት በመዶሻ መታ መታ ካደረጋችሁ ርካሹም ይሠራል። በበሩ በኩል ያሉትን ደግሞ የውስጡን ሽፋን አውጥታችሁ ከጀርባ፣ ክሩ ላይ ርጩ። ከፊት የሚረጨው ሾጣጣው ላይ ቆሞ ይቀራል።

በመዶሻ የሚመታው ወይስ ባትሪው

ክርክሩ እዚህ ነው። በመዶሻ የሚመታው ኢምፓክት ካቻቪቴ ከኋላው ስትመቱት ጫፉ ትንሽ የሚዞር ወፍራም ብረት ነው። ምቱ ቢቱን ወደ ውስጥ ይሰካዋል፣ በዚያው ቅጽበት ያዞረዋል፣ ድንጋጤው ደግሞ ዝገቱን ይሰብራል። ሦስቱም በአንድ ምት። የባትሪው ኢምፓክት፣ ባለ 18 ቮልቱ ብዙ ጊዜ ከ150 ኒውተን ሜትር በላይ ጉልበት አለው፣ ግን የሚመታው ወደ ጎን፣ በማዞሪያው አቅጣጫ ብቻ ነው። ወደ ውስጥ የሚገፋው የእናንተ ክንድ ነው። ክንዳችሁ ካነሰ ቢቱ ይዘላል፣ በዚያ ፍጥነት ከዘለለ ደግሞ ጣታችሁን ከማስነሻው ላይ ሳታነሱ ኮከቡ ያልቃል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ንቅናቄ በመዶሻ የሚመታው፣ ከላላ በኋላ ለማውጣት ባትሪው። ባትሪው ካላችሁ ጥሩ፣ ለዚህ ብላችሁ ግን አትግዙ። በመዶሻ የሚመታው ውጭ አገር አብዛኛው ከ30 ዶላር በታች ነው፣ ዕድሜ ልክም ይሠራል። ስትገዙ አብሮት የሚመጣውን ቢት ሳይሆን አካሉን እዩ፦ ግማሽ ኢንች አራት ማዕዘን ጫፍ ያለውና ከበድ የሚለው ይሻላል። ቢቱን በጂስ ቀይሩት።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መጀመሪያ ወደ ግራ የሚዞር መሆኑን አረጋግጡ፣ አለበለዚያ እያጠበቃችሁ ነው። ከዚያ በእጃችሁ ወደ ግራ ጠምዝዛችሁ እንደያዛችሁ ምቱ። መዶሻው ከአንድ ኪሎ በላይ ይሁን። በትንሽ መዶሻ አሥር ጊዜ ከመኳኳት በከባዱ አንዴ በደንብ መምታት ይበልጣል፣ ትንሹ ነጥሮ ይመለሳል እንጂ ጉልበቱ ክሩ ጋ አይደርስም። ከመምታታችሁ በፊት በሩን ከሥር በእንጨት ደግፉት፣ የማጠፊያውንም ዙሪያ በሹል ነገር ምልክት አድርጉ፣ ስትመልሱት በሩ ቦታውን እንዲያገኝ።

ሦስተኛ አማራጭ አለ፣ በኮምፕሬሰር የሚሠራ የአየር መዶሻ ላይ የሚገጠም ቢት መያዣ። መዶሻው እያንቀጠቀጠ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ እናንተ ከጎን በቁልፍ ታዞራላችሁ። ከሁሉም ይህ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፣ ግን ኮምፕሬሰርና የአየር መዶሻ ለሌለው ሰው ወጪው አይመጣጠንም። ባቲላሜራ ወዳጅ ካላችሁ ተዋሱ።

እሳት

ጋዝ ችቦው ርካሽ ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚያግለው ኢንዳክሽን ማሞቂያ በመቶዎች ዶላር ነው። ኢንዳክሽኑ ነበልባል የለውም፣ የሚያግለው ጠመዝማዛ ሽቦው የከበበውን ብረት ነው፣ ዙሪያውን ብዙም አያቃጥልም። ለአንድ ፒካፕ ግን አልገዛውም። ቀለሙ እንደሁ መገፈፉ ላይቀር ነው፣ ችቦው ይበቃል። አግሉት፣ ትንሽ ይብረድ፣ ገና ሙቅ እያለ ሻማ አስነኩት። ሰሙ ቀልጦ ወደ ክሩ ይሳባል። ከዚያ ምቱ።

አንድ ነገር፦ ከቀደሙት 40ዎቹ ብዙዎቹ የነዳጅ ታንከራቸው ከወንበር ሥር፣ ካቢኑ ውስጥ ነው። ታንከሩ የት እንዳለ ሳታዩ እሳት አታቀጣጥሉ። ዘይት በረጫችሁበት ላይም ወዲያው አይሆንም፣ ጥረጉት። ክሎሪን ባለው ፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረትን ደግሞ በጭራሽ አታግሉ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ኮከቡ ካለቀ

መደብሩ የቪቴ ማውጫ ስብስብ ሊሸጥላችሁ ይሞክራል፣ ያ በግራ ክር የተሠራው ሾጣጣ ብረት። ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ብረቱ ጠንካራ ነው ግን ተሰባሪ፣ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም። ከእሱ ይልቅ ዳዶ አናቱ ላይ አስበይዱ። በያጅ ሰፈራችሁ አይጠፋም። የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ይለቅቀዋል፣ ዳዶው ደግሞ በቁልፍ የሚያዝ አዲስ ጭንቅላት ይሆናል። ከመበየዱ በፊት የመኪናውን ባትሪ መፍታት እንዳትረሱ።

ያም ካልሆነ አናቱን በትራፓኖ ብሱት፣ ማጠፊያው ሲነሳ የቀረውን ግንድ በሞርሳ ፒንሳ ታዞሩታላችሁ። የግራ ፑንታ፣ ወደ ግራ እየዞረ የሚበሳውን፣ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ አንዳንዴ እየበሳ እያለ ራሱ ይፈታዋል። በጣም ጠልቃችሁ አትብሱ፣ ከኋላ ያለው ክር ያለበት ሳህን ከተበላሸ በላሜራው ላይ መስኮት ከፍቶ መቀየር ነው።

ጥቂት ገንዘብ ላለው፦ የጂስ ቁጥር 3 ቢት፣ በመዶሻ የሚመታው፣ አንድ ጣሳ ዘይት። ከዚህ በላይ ያለው ሰው ችቦ ይጨምር። ኢንዳክሽንና የአየር መዶሻ መኪና ለሚያድስ ጋራዥ ነው፣ አንዴ ሠርቶ ለሚሸጥ ሰው አይደለም።

ለመመለሻ አዲስ ቪቴ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ውፍረቱንና የክሩን ጥርስ አስለኩ። ባለ ብሩጎላውን፣ አናቱ ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀዳዳ ያለውን፣ ብትመርጡ ደግ ነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቢቱን ወደ ውጭ አይገፋም። ከአሜሪካ ካስመጣችሁ ግን የሚሊሜትር መሆኑን አረጋግጡ፦ የሚሊሜትሩ አናት ሾጣጣ 90 ዲግሪ ነው፣ የኢንቹ 82፣ 82ው ማጠፊያው ውስጥ በደንብ አይቀመጥም።