ፓንስ ላቢሪንዝ፦ ከተረቱ ይልቅ ምርመራው የሚያስፈራበት ፊልም

በምናባዊ ፊልሞች ውስጥ የምርመራ ትዕይንት አብዛኛውን ጊዜ ምሥጢር ማውጫ ብቻ ነው፤ እስረኛው ይታሰራል፣ ክፉው ንጉሥ ወይም ጠንቋዩ ያስፈራራዋል፣ ተመልካቹም ሊያውቅ የሚገባውን ሰምቶ ወደሚቀጥለው ፍልሚያ ይሻገራል። ሜክሲኳዊው ጊዬርሞ ዴል ቶሮ ጽፎ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2006 ለእይታ የበቃው «ፓንስ ላቢሪንዝ» ግን ከዚህ ልማድ ወጥቷል። በዚህ ፊልም መርማሪው ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ያሠቃያል፣ ይገድላል፤ የሚፈልገውን እውነት የሚያገኘው ግን ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከሰው አፍ ሳይሆን ከዕቃ ላይ ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ1944 በስፔን ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ በጄኔራል ፍራንኮ አሸናፊነት ካበቃ 5 ዓመት ቢሆነውም፣ ጫካ የገቡ ሽምቅ ተዋጊዎች ገና እጃቸውን አልሰጡም። እነሱን ለመደምሰስ የተላከው ሻምበል ቪዳል አንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰፍሯል፤ ነፍሰ ጡር ሚስቱ ካርሜንም ከሟቹ ባሏ የወለደቻትን ኦፌሊያን ይዛ ወደዚያው ትመጣለች። ልጅቷ በአካባቢው ባለ ጥንታዊ የድንጋይ ፍርስራሽ ውስጥ ፋውን የተባለ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ፍየል የሆነ ፍጡር ታገኛለች፤ እሱም የምድር ውስጥ ንጉሥ ልጅ መሆኗን ነግሮ፣ ጨረቃ ሙሉ ከመሆኗ በፊት 3 ፈተናዎችን እንድታልፍ ያዛታል።

የመጀመሪያው ምርመራ ምርመራ እንኳ አይመስልም። በሌሊት የተያዙ አንድ ገበሬና ልጃቸው ጥንቸል ለማደን እንደወጡ ይናገራሉ። ሻምበሉ የልጁን ፊት በጠርሙስ ቀጥቅጦ ይገድለዋል፣ አባትየውንም በጥይት ይጨርሳቸዋል፤ ከረጢታቸውን በርብሮ ጥንቸሎቹን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የበታቾቹንም የሚወቅሳቸው ሰው በከንቱ ስለሞተ ሳይሆን፣ በደንብ ሳይፈትሹ እሱን ስላስቸገሩት ነው። ዴል ቶሮ የሰውዬውን ማንነት በዚህ አንድ ትዕይንት ጨርሶ ነግሮናል።

የፊልሙ ዋና የምርመራ ትዕይንት ግን የሚመጣው ዘግይቶ፣ በዕቃ መጋዘኑ ውስጥ ነው። የተማረከው ሽምቅ ተዋጊ ሲናገር የሚንተባተብ ሰው ነው። ቪዳል አይጮህም፤ እንደ ጥሩ ባለሙያ መዶሻውንና ፒንሳውን እየለየ ያሳየዋል፣ በየትኛው መሣሪያ ላይ ሲደርሱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡና ቃሉን ማመን እንደሚጀምር በትሕትና ያብራራለታል። ከዚያም አንድ ውል ያቀርባል፦ ሳትንተባተብ እስከ ሦስት ከቆጠርህ ትለቀቃለህ። ከእሱ በላይ የሚያዝ ማንም እንደሌለም አጠገቡ ያለውን የበታቹን ጠይቆ ያስመሰክራል። እስረኛው አንድ ይላል፣ ሁለት ይላል፣ ሦስት ላይ ምላሱ ይታሰራል። ተመልካቹ በዚህ ጊዜ የሚሰማው ፍርሃት በየትኛውም ጭራቅ አይመጣም፤ ሰርጂ ሎፔዝ ቪዳልን ሲጫወት የጭካኔ ፊት አለማሳየቱ፣ እንዲያውም በጨዋታው የሚዝናና መምሰሉ፣ ነገሩን የባሰ ያደርገዋል። ካሜራው ዋናውን ሥቃይ ሳያሳይ ያልፋል፤ ይህም ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

እስረኛው በማግስቱ ጥቂት መናገሩን በራሱ አንደበት ያምናል፤ ፊልሙ ሥቃይ የማይበግረው ጀግና አድርጎ አልሣለውም። ሊያክሙትና ለተጨማሪ ምርመራ ሊያዘጋጁት የተጠሩት ዶክተር ፌሬይሮ ግን፣ ሰውየው እንዲገላግሉት ሲለምናቸው መርፌ ወግተው ያሳርፉታል። ሻምበሉ ለምን እንዳልታዘዙት ሲጠይቃቸው፣ ሳይጠይቁ ዝም ብሎ መታዘዝ የእሱን መሰሎች ሥራ እንደሆነ በእርጋታ ይመልሱለታል። ሆኖም ቪዳል ሐኪሙ ለሽምቅ ተዋጊዎቹ መወገናቸውን የደረሰበት በጥያቄ አይደለም፤ በጫካ የተገኘችው የመድኃኒት ብልቃጥ በሐኪሙ ቦርሳ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነች ነው። ተዋጊዎቹን በስውር የምትረዳው የቤት ሠራተኛዋ የመርሴዴስ ምሥጢርም የወጣው የመጋዘኑ ጓጉንቸር ሳይሰበር በመከፈቱ ነበር።

መርሴዴስ በተራዋ በዚያው መጋዘን፣ በእነዚያው መሣሪያዎች ፊት ትቆማለች። ቪዳል ሴት ናት ብሎ ጠባቂውን አስወጥቶ ብቻውን ሊመረምራት ይሞክራል፤ አትክልት ስትከትፍበት ያየናትንና ሽርጧ ውስጥ የምትሸሽጋትን ትንሽ ቢላ ግን ከነአካቴው አልጠረጠረም። ማሪቤል ቬርዱ ይህን ክፍል የተጫወተችው ድንቅ በሆነ ቁጥብነት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማምለጥ ግን አላረካኝም፤ በፈረስ የከበቧት ወታደሮች ሊይዟት ሲሉ ሽምቅ ተዋጊዎቹ ልክ በሰዓቱ ከች ማለታቸው፣ እስከዚያ ድረስ ለማንም ያልራራው ታሪክ ድንገት ያደላላት ያስመስለዋል።

የተረቱ ክፍልም ከምርመራው የራቀ አይደለም። ፋውኑ ያዛል፣ ይገሥጻል፣ ትእዛዝ ሲጣስ ይቆጣል፤ ኦፌሊያ በሁለቱም ዓለም የምትጠየቀው አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው፣ መጨረሻዋን ግን ላላዩት ስል እተወዋለሁ። ቪዳል አንድ ወጥ ክፉ ሆኗል የሚሉ ተቺዎች በከፊል እውነት አላቸው። ይሁንና የእራት ግብዣው ላይ ስለ አባቱ ሰዓት ሲነሣ የሚሰጠውን መልስ ልብ ይሏል፦ ጠያቂው ሰው ራሱ ሲጠየቅ፣ ሰዓቱ በእጁ እያለ፣ አባቴ ሰዓት አልነበራቸውም ብሎ ይዋሻል።

ፊልሙ በሲኒማቶግራፊ፣ በሥነ ጥበብ ዝግጅትና በሜካፕ 3 የኦስካር ሽልማቶችን አግኝቷል፤ የወፍጮ ቤቱን ቀዝቃዛ ሰማያዊነትና የተረቱን ዓለም ሞቅ ያለ ወርቃማነት ላየ ሰው ሽልማቱ አይበዛበትም። ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጀው ይህ ሥራ ተረት ስላለው ብቻ ለልጆች መከፈት የለበትም። በቀይ ሽብር ዘመን ወፌ ላላን የቀመሰ የቤተሰብ አባል ያላቸውም የመጋዘኑን ትዕይንት ሳይዘጋጁ ባያዩት እመክራለሁ። የሚያዩት ሁሉ ደግሞ በስፓኒሽኛው ድምፅና በግርጌ ጽሑፍ ይመልከቱት፤ ሌላ ድምፅ ከተተካበት የእስረኛው መንተባተብና የሎፔዝ ዝግ ያለ አነጋገር አብረው ይጠፋሉ። የሚገርመው፣ ስፓኒሽኛ የማይችለው አሜሪካዊ ዳግ ጆንስ የተጫወተው ፋውን ራሱ በሌላ ተዋናይ ድምፅ የሚናገር ሲሆን፣ አፉና ቃሉ ግን እጅግ ስለተገጣጠሙ ማንም አይነቃበትም።