አልሞላም ብለው ለመለሱኝ ጋሼ ምስጋና

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ካምፐር ቫን (ማደሪያና ማብሰያ ያለው መኪና) ላላችሁ ሁሉ፦ ፕሮፔን ጋዝ የምታስሞሉበት ሰው ልጠቁማችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ መሙያ ጣቢያ የሚሰሩ ያገራችን ሰው ናቸው። ስሜን እንዳትጽፍ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

የማመሰግናቸው ስለሞሉልኝ አይደለም። መጀመሪያ አልሞላም ብለው ስለመለሱኝ ነው።

ከዚያ በፊት የማስሞላበት ቦታ ሰራተኛው ስልክ እያወራ ቱቦውን ይሰካል። ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው፣ ሞተር አጥፋ የሚል እንኳ የለም። ጋሼ ግን ገና ስደርስ እጃቸውን አነሱ።

"ሞተሩን አጥፋ ልጄ። ሰው ሁሉ ይውረድ። ፍሪጁስ?"

የኛ ፍሪጅ በጋዝም ይሰራል፣ ውስጡ ትንሽ እሳት አለች። እሷም፣ የውሃ ማሞቂያውም፣ ምድጃውም ጠፉ። በርና መስኮት ተዘጋ። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ ሽቅብ አይበንም፣ መሬት ለመሬት ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል። ቫን ውስጥ ገብቶ ከተጠራቀመ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። የጋዝ ጠቋሚው ወለሉ አጠገብ የሚገጠመውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ተንበርክከው ቫኑ ስር ያለውን ታንክ አዩ። ቫልቩን ቀስ ብለው ከፍተው መጋጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ረጩ። ሬጉላተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው ዕቃ) ጋ ሲደርሱ አንዲት አረፋ ብቅ አለች። ተነፋች፣ ተነፋችና ፈነዳች። ወዲያው ሌላ ተተካች። ጋሼ ቫልቩን ዘጉት።

"ይሄ ይተነፍሳል። አልሞላልህም።"

"ጋሼ፣ ትንሽ ጠበቅ ቢያደርጉልኝስ? ነገ እኮ መንገደኞች ነን።"

"ማጥበቅ የኔ ስራ አይደለም። የካምፐር ቴክኒሻን ጋ ሂድ። አስጠግነህ ና፣ እኔ እዚሁ ነኝ።"

ባለቤቴ እዚያው ቆማ መረቀቻቸው። እኔ ምርቃቱን ያወጣሁት ቴክኒሻኑ ሬጉላተሩን ፈትቶ የተሰነጠቀውን ሲያሳየኝ ነው። ጉዞው ወደ ሜይን ነበር፣ ልጆቹ እዚያው ቫኑ ውስጥ ነበር የሚያድሩት።

በአዲስ ሬጉላተር ስንመለስ ጓንትና መነጽር አድርገው ሞሉልን። ፈሳሹ ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ቆዳ ከነካ በቅዝቃዜው ያቃጥላል። ታንኩ ላይ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች፣ እሷን ፈታ አደረጉ። መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት ብቻ ነበር። ከዚያ ነጭ ጉም ተፍ ሲል ቱቦውን ወዲያው ዘጉ። ፈሳሹ 80 በመቶ ደርሷል ማለት ነው። 10 ጋሎን የሚይዝ ታንክ 8 ላይ ይቆማል። ቀሪው ቦታ ለሙቀት ነው፣ በሐምሌ ፀሐይ ፕሮፔን ያብጣል። ትንሽ ጨምሩበት ብትሏቸው አይሰሟችሁም።

የታንኩን ቫልቭም ቀስ ብዬ እንድከፍት አሳዩኝ። ባንዴ ከተከፈተ ውስጡ ያለው መከላከያ መስመሩ የተበጠሰ መስሎት ጋዙን ይዘጋል። ምድጃው እምቢ ሲል ሰው ታንኩ ባዶ ነው ይላል።

ተንቀሳቃሽ ሲሊንደር ያላችሁ ደግሞ አንገቱ ላይ የታተመውን ወርና ዓመት እዩ። ከተሰራ 12 ዓመት ካለፈውና እንደገና ካልተመረመረ አይሞሉላችሁም። ቫኑ ላይ በቋሚነት የተገጠመው ታንክ ግን ይህ የጊዜ ገደብ የለበትም።

ስንለያይ መንገዱንም ነገሩን። ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የሚይዝ ዕቃ ጭኖ በባልቲሞር ዋሻዎች ማለፍ ክልክል ነው። ድሮ እንዲህ ያለ መኪና በኪ ድልድይ ይዞር ነበር። ድልድዩ መጋቢት 2016 በእኛ አቆጣጠር መርከብ ገጭቶት ከወደቀ ወዲህ ያለው አማራጭ ባልቲሞርን በሚዞረው በ695 አውራ ጎዳና ምዕራባዊ ክፍል መዞር ነው። ትንሽ ያስረዝማል፣ ግን ዋሻው በር ላይ ፖሊስ ከሚያስቆማችሁ ይሻላል።

ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ቅዳሜ ሰልፍ ስላለ በስራ ቀን ሂዱ። ስትደርሱ ሞተር አጥፉ፣ አለዚያ ሰላምታችሁንም አይቀበሉም።